ለሰው የሚቆመው ሾፌር

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ዳርና ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ "ዮአብ የሚባል ሾፌር ታውቃላችሁ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው ግራ ይገባዋል። "ለሰው የሚቆመው ሾፌር" ያላችሁ እንደሆነ ግን የሱቁም ባለቤት፣ የታክሲ ተራ አስከባሪውም እጁን ዘርግቶ ቤቱን ያሳያችኋል። ሾፌር ከጠዋት እስከ ማታ በሚሰደብበት አገር እንዲህ ያለ ስም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ዮአብ ግን ስሙ ሲነሳ አንገቱን ይደፋል። ሰዉ ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አልነበረም፤ እፍረት ነው። ስሙ የተሰጠው ባላደረገው ነገር ነበር፤ ይህንንም አንድ ዓመት ሙሉ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እውነቱን ቢናገር ሥራውንም መንጃ ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል፤ ዝም ቢል ደግሞ ስሙ በየመንገዱ እየተከተለ ይጠራዋል።

የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ሰበታ መጥቶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥቅል ሲሸከም አራት ዓመት ቆየ። ብዙነሽን ያገኛትም እዚያው ነው፤ እሷ ክር ክፍል ትሠራ ነበር፣ እሑድ እሑድም አንድ ቸርች ነበር የሚሄዱት። ሲጋቡ ኪራይ ይረክሳል ብለው ወደ ቡራዩ ዞሩ። መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ጥቂት ጊዜ ጭነት ከነዳ በኋላ ኢንጂነር ወንዳፍራሽ ዘንድ ተቀጠረ። ኢንጂነሩ አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎ ቡራዩ ላይ ቤት የሠራ ሰው ነው። የፋብሪካ መጋዘኖች ያስገነባል። ሰኞ ሰበታ፣ ረቡዕ ሱሉልታ፣ አርብ መናገሻ፤ ዮአብ የእነዚህን ከተሞች ጉድጓድ በስም ጠርቶ ሊያወጣላችሁ ይችላል።

በ2007 ዓ.ም. ኢንጂነሩ ጃፓን ያገለገለች አንዲት ብርማ መኪና ገዛ። ይቺ መኪና ከሌሎቹ ትለያለች። ከፊት መስታወቷ በስተጀርባ፣ ከስፔኪዮው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትናንሽ ካሜራዎች አሏት፤ በእነሱ መንገዱን ታያለች። ሾፌሩ ከመስመር ሲወጣባት ትጮሃለች። ሰው ወይም መኪና ድንገት ከፊቷ ሲገባ፣ ሾፌሩ ፍሬን ባይረግጥ እንኳ ራሷ ትይዛለች። ደግሞም ትናገራለች፤ ያውም በጃፓንኛ። የታክሲ ሾፌሮች "ጃፓናዊቷ ዛሬ ምን አለችህ?" እያሉ ያበሽቁት ነበር። ዮአብም ሳይሸነፍ "ከናንተ ጋ እንዳልውል መከረችኝ" ይላቸዋል።

እውነቱን ለመናገር ቋንቋዋን ከኢንጂነሩ ይልቅ የለመደው እሱ ነው። በተለይ አንዲት ረጅም ንግግር ነበረቻት። ዶፍ ሲወርድ ያችን ንግግር ትናገራለች፣ ዳሽቦርዷ ላይም ብርቱካናማ መብራት ይበራል፤ ዝናቡ ሲያባራ መብራቱ ይጠፋል። ዮአብ ይህን ሦስት አራት ቀን አይቶ "አሁን አላይም፣ አንተው እይ ማለቷ ነው" ሲል ለኢንጂነሩ ነገረው። ኢንጂነሩ የመኪናዋን መመሪያ በስልኩ አስተርጉሞ አነበበና ሳቀ። የሾፌሩ ትርጉም ልክ ነበር። መስታወቱ ላይ ያረፈው ጠብታ ምስሉን ይሰባብረዋል፤ እርጥብ አስፋልት መብራት መልሶ ስለሚረጭ ነጩ መስመር ይጠፋባታል፤ የጭነት መኪና የሚረጨው ውኃ ከፊቷ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ከለበሰማ የባሰ ነው።

"ያላየችውን አየሁ አትልም" አለ ኢንጂነሩ። "ሲያቅታት አቃተኝ ትላለች። እንደሷ ያለ ሠራተኛ ስንት አለህ?"

ዮአብ ከዚያ ወዲያ ለዓይኖቿ ይጠነቀቅ ጀመር። ጠዋት ጠዋት መስታወቷን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። ሰኔ ሲገባ የስፓዞላዋን ላስቲክ ይቀይራል፤ ያረጀ ስፓዞላ ውኃውን ከማንሳት ይልቅ ስለሚያሰማራው ቶሎ እንደምትታወር ደርሶበታል። ያችን ንግግር የሰማ እንደሆነ ደግሞ፣ የትም ይሁን የት፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

2008 ዓ.ም. ገባ። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር አንድ ላይ ያደርጋል ተባለ። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፣ ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሰው ሞተ። ሾፌሮች ከቤት ሲወጡ ለምለም ቅርንጫፍ ኮፈናቸው ላይ ማሰር ጀመሩ፤ ሰላም ነኝ፣ ከናንተ ጋ ነኝ ለማለት። አንዳንዱ ከልቡ ያስራል፣ አንዳንዱ ለመስታወቱ ሲል ያስራል።

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ዮአብ ብቻውን ከመናገሻ ሲመለስ ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ ወጣቶች መንገዱን ሞልተውት አገኘ። ድንጋዩ መሐል ላይ አንዲት መኪና የምታሳልፍ ክፍተት ተትታለች። ከፊቱ የነበሩት መኪኖች ሰዉን በፓራውልታቸው እየገፉ፣ እየተሽሎከሎኩ አለፉ። ዮአብም ሊከተላቸው ገባ። አንድ ልጅ ከፊቱ ሲያቋርጥ መኪናዋ ፍሬን ያዘች። ነዳጁን ነካ አደረገ፤ ሌላው ሲያቋርጥ እንደገና ያዘች። ከኋላው ያለው አይሱዙ ክላክሱን ይነፋል፣ ወጣቶቹ ኮፈኑን በመዳፋቸው ይመታሉ፣ አንዱ ድንጋይ አንስቷል። ዮአብ ደነገጠ። እግሩን ነዳጁ ላይ ጫነ። ከፊቱ ሰው እንዳለ እያየ ጫነ። መኪናዋ ግን አልሄድም ብላ ቀጥ አለች።

በዚህ መሐል አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ሰዉን ሰንጥቀው መጡ። ኦቦ ገርባ ይባላሉ። የእርሻቸው እኩሌታ ከዓመታት በፊት ለመኖሪያ ቤቶች ተወስዶባቸው በተረፈቻቸው ቁራጭ ላይ ገብስ የሚዘሩ፣ በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው።

"ዺሳ፣ ተዉት" አሏቸው ወጣቶቹን። "ሌሎቹ ሲገፉን አላያችሁም? ይኼ ሰው ቆመ። ለሰው የሚቆም ሰው አይመታም።"

ባጫ የሚባል ወጣት ድንጋዩን ጥሎ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስፓዞላው ሥር ሻጠለትና መንገድ ከፈቱለት። ዮአብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ አለፈ። የዚያን ጊዜ እግሩ የት እንደነበረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እንግዲህ ከዚያ በኋላ መኪናዋን ማመስገን ነበረበት። ያተረፈችው እሷ ናት፤ ልጆቹንም ከእሱ፣ እሱንም ከልጆቹ። ፍርሃት ግን እንዲህ አያስብም። ዮአብ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያሰበው "ነገ ኦቦ ገርባ በሌሉበት ቦታ ብታቆመኝስ?" የሚለውን ብቻ ነበር።

ብዙነሽ ከቸርች ያመጣችው አንድ ቀይ ስቲከር ነበር፤ ክንድ የሚያህል፣ በነጭ ፊደል "እግዚአብሔር ያያል" የሚል። ብዙ መኪና ላይ ታዩታላችሁ። ዮአብ በማግሥቱ ጠዋት ከመስታወቱ ውጪ፣ ከላይ በኩል፣ ልክ ሁለቱ ካሜራዎች ፊት ለፊት አድርጎ ለጠፈው። ዓይኖቿ ተሸፈኑ። ብርቱካናማው መብራት በጠራራ ፀሐይ ሲበራ በጥቁር ናስትሮ ሸፈነው። ንግግሯን ስትጀምር ድምጿን ቀንሶ ዘጋው። ብዙነሽ ስቲከሩን አይታ ደስ አላት። ኢንጂነሩ ከኋላ ወንበር ወረቀቱን እያገላበጠ "ይቺ ልጅ ዝም አለች እኮ" ቢለው "ለምዳን ነው" ብሎ መለሰለት።

ሁከቱ ሲበርድ አነሳዋለሁ ብሎ ነበር። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ አላነሳውም። ሁከቱም በቃ አላለም፤ መንገዱ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሌላ ሳምንት ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ግን ዝምታዋ ተመቸው። የማትጮህ፣ የማትከራከር፣ በሄደበት የምትሄድለት መኪና ሆነች።

ሐምሌ ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ኢንጂነሩን መናገሻ አድርሶ ብቻውን ወደ ቡራዩ ሲመለስ ዶፉ ያዘው። ገፈርሳ ጋ ሲደርስ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ ነበር። በግራ እጁ መሪውን ይዞ በቀኙ መዳፍ መስታወቱን እየጠረገ ነዳ። ፍጥነቱን አልቀነሰም። ሲጠርግ ላስቲክ የተከናነበ ሰው ከፊቱ አየ፤ ፍሬኑን ሲረግጥ ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ።

ሰውየው ኮፈኑ ላይ ወጡ። ለአንድ አፍታ ፊታቸው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከዮአብ ጋር ተያዩ። ኦቦ ገርባ ነበሩ። ከዚያ ተንከባለው አስፋልቱ ላይ ወደቁ።

ዮአብ ወረደ። አሁን የምነግራችሁን እሱ ለማንም ሳይነግር አንድ ዓመት ቆይቷል። ሽማግሌው መሬት ላይ ተኝተው "ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ" እያሉ አምላካቸውን ሲጠሩ፣ የዮአብ እጅ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሳቸው አይደለም፤ ወደ መስታወቱ ነው። በሁለት እጁ፣ በጥፍሩ፣ ቀዩን ስቲከር መላጥ ጀመረ። እርጥብ ወረቀት አልላጥም ብሎ እየተቆራረጠ ቀረ። ስፓዞላው እየተመላለሰ ጣቶቹን ይመታዋል፤ እሱ ይልጣል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ሲያነሳ ገብቶ ናስትሮውን ነቀለ፣ ድምጿንም መለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌውን አቅፎ መኪናው ውስጥ ያስገባቸውና ወደ ሐኪም ቤት የከነፈው።

የኦቦ ገርባ የጭን አጥንት ተሰብሯል። የትራፊክ ፖሊሱ ቃሉን ሲቀበለው ዮአብ "ከባድ ዝናብ ነበር፤ መኪናዋም በዝናብ አታይም" አለ። ኢንጂነሩ መመሪያውን አምጥቶ አስረዳለት። ፖሊሱም በዓይኑ ያየው ዝናብ ስለነበር ጻፈው። በዚህ ቃል ውስጥ አንድም ሐሰት የለም፤ መኪናዋ በዝናብ አታይም። ምናልባት ያን ዕለት ስቲከሩ ባይኖርም ኦቦ ገርባን አታያቸውም ነበር። ዮአብ ሌሊት ሌሊት ይህን ይዞ ራሱን ለማጽናናት ሞክሯል። ነገር ግን ባይሸፍናት ኖሮ ብርቱካናማው መብራት ይታየው ነበር። ያች ረጅም ንግግር ትሰማ ነበር። እሱም ያችን ንግግር ሲሰማ ሁልጊዜ ይቀንስ ነበር። የሸፈነው ዓይኗን ብቻ ሳይሆን "አላየሁም" የምትልበትን አፏንም ነው።

ብዙነሽ "ስቲከሩስ?" ብላ ስትጠይቀው "ዝናቡ ላጠው" አላት። ሁሉንም ነገር ዝናቡ አደረገው።

ያ ሐምሌ ክፉ ሐምሌ ነበር። ሽማግሌ የገጨ መኪና በሰላሙ ጊዜም አያልፍለትም፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ወጣቶቹ መኪናዋን ለማቃጠል፣ የዮአብንም ቤት ለመፈለግ ተነሥተው ነበር። ያቆሟቸው ኦቦ ገርባ ናቸው፤ ከተኙበት አልጋ ላይ ሆነው በባጫ በኩል ቃል ላኩ። ነሐሴ ላይ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሊያዩ በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀመጡ። ዮአብ ከኢንጂነሩ ጋር ሆኖ ቀረበ። ኦቦ ገርባን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። እሳቸውም ሁሉ እንዲሰማ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ተናገሩ።

"ይህን ሰው አውቀዋለሁ" አሉ። "በታኅሣሥ፣ ሌላው ሲገፋን እሱ ቆሟል። በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም የመታኝ ዝናቡ ነው እንጂ እሱ አይደለም። መሬት ላይ ወድቄ ቀና ብዬ ሳየው ምን ሲያደርግ አገኘሁት? ሁለት እጁን መስታወቱ ላይ ዘርግቶ ሲጸልይ። ዝናብ እየመታው ሲጸልይልኝ። የእነሱ ሃይማኖት ሰዎች እንዲህ ነው የሚጸልዩት፣ እጃቸውን ጭነው። ጸልዮ ሲጨርስ አቅፎ አነሳኝ። ልጆቼ፣ ይህን ሰው እንዳትነኩብኝ። ለሰው የሚቆም ሰው ነው።"

ሽማግሌዎቹ "ዕልል በሉ" አላሉም እንጂ ፊታቸው በራ። ባጫ መጥቶ ዮአብን አቀፈው። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ዮአብ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። እዚያው ላይ አፉን ቢከፍት ኖሮ ታሪኩ በዚያ ያልቅ ነበር። አልከፈተም። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት አፍሮ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ያከበረው ግን በዚያች ሰዓት ነው።

ስሙ ከዚያ ተነሣ። ታክሲዎቹ ቅድሚያ ይሰጡት ጀመር። ጃፓናዊቷን ጠቅሶ የሚያበሽቀው ቀረ። እናቶች ልጆቻቸውን ሊያሻግሩ ሲሉ ሌላ መኪና ሲመጣ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የእሱን ሲያዩ ግን "እሱ ነው፣ ሂዱ" ይላሉ። ቸርች ውስጥ ወጥተህ መስክር ሲሉት ሆዴን አመመኝ ብሎ በጓሮ በር ወጣ። ከሁሉ የከፋው ግን ኦቦ ገርባ ነበሩ። ምርኩዝ ይዘው መሄድ ከጀመሩ በኋላ መንገድ ዳር ቆመው ግራ ቀኙን ደጋግመው ያያሉ፤ ብርማዋን መኪና ሲያዩ ግን ማየታቸውን ይተዋሉ። አንድ እጃቸውን ለሰላምታ ያነሡና ዘወር ብለው እንኳ ሳይመለከቱ እያነከሱ ይሻገራሉ። ዮአብ ይህን ላለማየት ብሎ ስንት ቀን በኮሮኮንቹ በኩል ዞሯል። ምግብ አልወርድ አለው። ብዙነሽ ጨጓራ ነው ብላ ተልባ ታጠጣዋለች።

ዓመቱ ዞረና ሰኔ 2009 ገባ። አንድ ቀን ዮአብ ብቻውን ሲያልፍ እዚያው ገፈርሳ ላይ ዝናቡ ወረደ። ዓይኖቿ ከተገለጡ ቆይተዋልና መኪናዋ ያችን ረጅም ንግግሯን ተናገረች፣ ብርቱካናማው መብራት በራ። ዮአብ እንደ ድሮው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ከሰው እርምጃ እስከማይፈጥን ድረስ። ከፊቱ፣ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ላስቲክ የተከናነቡ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው፣ ሳይመለከቱ፣ ወደ አስፋልቱ ገቡ። ዮአብ ራሱ ፍሬን ይዞ ቆመ። መኪናዋ አሁን እንደማታያቸው ያውቃል፤ እሳቸው ግን አያውቁም። በእሱ አምነው ገብተዋል።

ኦቦ ገርባ መሐል አስፋልት ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ወደ መስኮቱ መጡ።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?" አሉት፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው። "ልጆቼ በዝናብ አትሻገር ይሉኛል። የእሱ መኪና ከሆነ ምን አለብኝ እላቸዋለሁ።"

"ይግቡ፣ ኦቦ ገርባ" አላቸው። "እየበሰበሱ ነው።"

ገብተው ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ዮአብ መኪናዋን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሽማግሌው የላስቲካቸውን ውኃ አራገፉ።

"ያን ቀን አልጸለይኩም" አለ።

"የቱን ቀን?"

"የገጨሁዎ ቀን። መስታወቱ ላይ እጄን ያዩት… ጸሎት አይደለም። ወረቀት እየላጥኩ ነበር።"

ሁሉንም ነገራቸው። ከታኅሣሡ ጀምሮ፣ እግሩ ነዳጁ ላይ እንደነበረና የቆመችው መኪናዋ እንደሆነች፣ ዓይኗን በስቲከር እንደሸፈነ፣ ናስትሮውን፣ ድምጿን እንደዘጋ። እሳቸው መሬት ላይ ሲጣሩ የእሱ እጅ የት እንደነበረ። ሲነግራቸው ያየው የነበረው መሪውን ነው።



"ቀዩ ነው?" አሉ ኦቦ ገርባ። "አይቼዋለሁ። ፊቴ እላዩ ላይ ነበር። የአማርኛ ፊደል አላውቅም እንጂ ነጭ ጽሕፈት ነበረው። ምን ይል ነበር?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። ከተናገረው ሁሉ ይህ ከበደው።

"ዋቃዮ ኒ አርጋ" አላቸው በራሳቸው ቋንቋ። "እግዚአብሔር ያያል።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

"እግሬ ድኗል" አሉ። "ስለ እግሬ አልከስህም። ነገር ግን እኔ ሰው ፊት ቆሜ መስክሬልሃለሁ። ልጆቹ ሊያቃጥሉህ ሲነሡ ቃሌን ነው ያመኑት። በዚያ ጊዜ የአንድ ሰው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ታውቃለህ? አሁን እነሱን ምን ልበላቸው?"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አነሡ።

"የሰጠሁህን ስም እኔ አልወስድብህም" አሉ በሩን እየከፈቱ። "ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ጋ ና፣ አንተው ራስህ መልሰው።" ዝናቡ አላባራም ነበር፤ ላድርስዎ ቢላቸውም ላስቲካቸውን ተከናንበው በእግራቸው ሄዱ።

ማታ ለብዙነሽ ነገራት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና አንድ አዲስ ቀይ ስቲከር አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች። የፊተኛውን ዝናብ ላጠው ስላላት ለምና ያመጣችለት ነበር፤ ለበዓል ልትሰጠው አስቀምጣው። ሁለቱም አነበቡት። ከዚያ መልሳ ከተተችው።

ቅዳሜ ሄደ። ለእነዚያው ሰዎች፣ እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ሁሉ ተናገረ። በኦሮምኛው ሲያቅተው ኦቦ ገርባ ቃል አቀበሉት። ባጫ መሐል ላይ ተነሥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብቻ ጥያቄ ነበራቸው፤ "አሁን መኪናይቱ ታያለች?" አሉ። "ካልዘነበ ታያለች" አላቸው። ኢንጂነሩም ሰኞ ጠዋት ሰማ። ዮአብ ቁልፉን ይቀበለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ አልተቀበለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የኋላውን ወንበር ትቶ ከፊት ይቀመጣል፣ ወረቀቱንም አያነብም፤ ዳሽቦርዱን ነው የሚያየው።

ስሙ ቶሎ አልጠፋም። የወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ወሬ ያልደረሰው ሰው ብዙ ነውና ዛሬም "ለሰው የሚቆመው" የሚሉት አሉ። እሱ አንድ በአንድ እያቆመ "አይደለሁም" ይላቸዋል። አንዳንዶቹ ይስቃሉ።

ኢንጂነሩ በሰማበት በዚያው ሳምንት አርብ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት፣ ኢንጂነሩን ይዞ በገፈርሳ በኩል ሲያልፍ ኦቦ ገርባ መንገድ ዳር ቆመዋል። ብርማዋን መኪና አዩ። እጃቸውን አላነሡም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ እንደ ማንኛውም መኪና፣ ትኩር ብለው አዩአት። ዮአብ ፍሬን ይዞ ቆመ። አልተንቀሳቀሱም። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። አልተንቀሳቀሱም። ሞተሩን አጠፋ፣ ሁለት እጁንም መሪው ላይ እንዲያዩት አድርጎ አስቀመጠ። ሽማግሌው እጆቹን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሡ፣ እያነከሱ ተሻገሩ።